ከቀኝ የሚገለጠው መጽሐፍ

ባለፈው ቅዳሜ ከሥራ ስገባ ልጄ ሀያት ሳሎን ምንጣፉ ላይ ተንጋላ፣ ሽፋን የሌለው አንድ አሮጌ የሥዕል መጽሐፍ አፍንጫዋ ላይ ደፍታ አገኘኋት። እያነበበች መስሎኝ ነበር፤ ለካ እያሸተተች ነው። «አባዬ፣ ኢት ስቲል ስሜልስ» አለችኝ፤ ሽታው አሁንም አለ ማለቷ ነው። ጫማዬን አውልቄ አጠገቧ ቁጭ አልኩና ተቀብያት እኔም አሸተትኩት። ቅርንፉድ፣ የልብስ ሳሙና፣ ከሥር ደግሞ ይኸን ሁሉ ዓመት አልለቅ ያለ ናፍታ። ቅርንፉዱና ሳሙናው የእናቴ ሳጥን ነው፤ ናፍታው የአባቴ መኪና። አባቴ ካረፈ ቆይቷል፤ መኪናውም የት ቆሞ እንደዛገ አላውቅም። ሽታቸው ግን ይኸው አሜሪካ፣ ሬይኖልድስበርግ ድረስ መጥቶ ልጄ እጅ ላይ ተቀምጧል። በዚህ ዕድሜዬ እንባ የሚያመጣብኝ እንዲህ ያለው ተራ ነገር ነው።

ልጆቼ ሁለት ናቸው፤ ሀያት ትልቋ፣ ሙአዝ ትንሹ። ዘግይቼ ነው የወለድኳቸው። ትምህርት ቤት ሳደርሳቸው አያታቸው የምመስላቸው ሰዎች ነበሩ፤ መጀመሪያ ይከነክነኝ ነበር፣ በኋላ ሽበቴን ማቅለሙንም ንዴቱንም አንድ ላይ ተውኩት። በአማርኛ አናግራቸዋለሁ፣ በእንግሊዝኛ ይመልሱልኛል። እዚህ ግን ያሉትን አብዛኛውን በአማርኛ ነው የማሰፍረው፤ አለዚያ ታሪኩ ከእጄ ይወጣል።

መጽሐፉ ቤታችን የገባው እኔ ትምህርት ቤት ሳልገባ ነው። ያኔ የምንኖረው ደሴ፣ ከሸዋ በር ዝቅ ብሎ አንድ ወፍጮ ቤት ያለበት ማዕዘን ላይ ነበር። የቤታችን ቆርቆሮ ከዝገቱ ብዛት ከሩቅ ቀይ ቀለም የተቀባ ይመስል ነበር። አባቴ ሹፌር ነው። ፊቱ ጠፍጣፋ የሆነ ኤንትሬ የጭነት መኪና ይዞ ደሴና አሰብ ይመላለሳል። ጦሳ ተራራ ጉሙን ከተማው ላይ ሲለቀው አባቴ ጠዋት በጉም ውስጥ ይገባና ይጠፋል፤ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ፣ ቅንድቡ በአቧራ ነጥቶ፣ ክላክሱን ከወፍጮ ቤቱ ወዲያ ጀምሮ እየነፋ ነው። እኔና እህቴ ከድጃ ከአንድ ጣቃ የተሰፋ ልብሳችንን ለብሰን፣ እኔ በኮንጎ ጫማ እሷ ባዶ እግሯን (አንዱን ጫማዋን ሁልጊዜ ትጥላለች) እንሮጣለን። ባዶ እጁን መጥቶ አያውቅም። ቴምር፣ ሽርጥ፣ አበባ የተሣለበት ፔርሙስ፣ አንዴም ቀለሟ የሚያብረቀርቅ ጃንጥላ። በአምስት ሳንቲም ሁለት ከረሜላ በሚገዛበት ዘመን እኛ የአሰብ ዕቃ ያለን ልጆች ነበርን፤ ሰፈር ውስጥ የምንራመደው ራሱ ሌላ ነበር። መኪናው ውስጥ ቴፕ አለው። እናቴ አብራው ስትሳፈር መንዙማ ይከፍታል፤ ብቻውን ሲሆን የሚሰማውን ግን ከድጃ ከወንበሩ ሥር ካሴቶቹን አግኝታ ደርሳበታለች፤ ዳር እስከ ዳር የፍቅር ዘፈን ነበር።

አንድ ቀን ከሽርጥና ከቴምር ጋር ይህን መጽሐፍ ይዞ መጣ። ወደብ ላይ ለአንድ መርከበኛ ብርቱካን ቢሰጠው መርከበኛው በምላሹ የሰጠው ነው። ሽፋኑ ያኔም አልነበረም። በሁለቱም በኩል ወዲያው ሥዕል ነው የሚጀምረው። ፊደሉን የሚያውቅ አልተገኘም፤ ግቢያችን ተከራይተው የነበሩት መምህር የግሪክ ነው አሉ፣ የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ አይቶ የሩስያ ነው አለ፣ ሁለቱም መልሰው እርግጠኛ አይደለንም አሉ። አባቴ ለቀልድ «በይ ለልጆቹ አንብቢላቸው» ብሎ ለእናቴ ሰጣት። እናቴ የየትኛውንም አገር ፊደል አልቆጠረችም። ቀልዱን ግን እንደ ቀልድ አልወሰደችውም። እጇን ታጠበች፣ ነጭ ሻሽ ጉልበቷ ላይ ዘረጋች፣ መጽሐፉን አስቀመጠችበት፣ ቢስሚላህ አለችና ከቀኝ በኩል ገለጠችው። አባቷ ሸህ ነበሩ። በልጅነቷ ወንዶቹ ሉሃቸውን፣ የእንጨት ሰሌዳቸውን፣ ይዘው ቁርአን ሲቀሩ እሷ ከበሩ ጀርባ ሆና ታይ ነበር፤ ኪታብ የሚገለጠው ከቀኝ ነው፣ ሌላ ዓይነት አገላለጥ አላየችም። ስለዚህ የመጨረሻው ገጽ የመጀመሪያችን ሆነ። እኔ በኋላ ትምህርት ቤት ገብቼ የአማርኛው መጽሐፍ ከግራ እንደሚገለጥ ስማርም ይኸኛው የሌላ አገር ነው ብዬ አልተጠራጠርኩም። እናቴ ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች ነበር የምታነበው፤ እኛም ማንበብ ታውቃለች ብለን ሰፈሩን ሁሉ አስወርተናል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ቢጫ ሻርፕ ያለው ፍየል ሰው አገር ተቀምጧል። ከድመትና ከሽመላ ጋር ገበታ ቀርቧል፣ ሻርፑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። «ምግቡ ጥሩ ነው» ትላለች እናቴ፣ «ሰዎቹም ደጎች ናቸው፤ ግን ስሙን አስተካክለው አይጠሩትም።» ገጹ ሲገለጥ ሻርፑ አንገቱ ላይ ነው፤ ተነሥቷል። በባቡር ይሄዳል። ከዚያ ምድሩ ሁሉ ነጭ የሆነበት ገጽ አለ፤ ዛሬ በረዶ እንደሆነ አውቃለሁ፣ እናቴ ግን በረዶ ተቆልሎ አይታ አታውቅም። «ይኸ አባታችሁ የሚሄድበት የጨው አገር ነው» ትለን ነበር። ከጨው አገር ወደ ባሕር፣ ማዕበል፣ ጀልባ፣ ከዚያ ድልድይ። በመጨረሻ ቀይ ጣሪያ ያለው ቤት። በሩ ላይ እናቲቱ ፍየል አንድ እጇን ወደ ላይ አንሥታ ቆማለች። «አየችው» ትላለች እናቴ። ከዚያ በላይ አንዲት ቃል አትጨምርም። መጽሐፉን ከድና ትስመዋለች፣ ግንባሯን ታስነካዋለች፣ ሳጥኗ ውስጥ ትመልሰዋለች።

አንድ ነገር ብቻ ያስቸግር ነበር። ፍየሉ ገበታው ላይ ሲቀመጥ ቀንዳም ትልቅ ፍየል ነው፤ ድልድዩ ላይ ግን አንሶ፣ ቤቱ ጋ ሲደርስ ጭራሽ ግልገል ሆኗል። ከድጃ ለምን ብላ ጠየቀች። እናቴ ሥዕሉን አየት አደረገችና፣ ገና ድሮ የምታውቀውን ነገር እንደምትናገር ሁሉ፣ «ሰው ወደ እናቱ ሲቀርብ ያንሳል» አለች። እኛም አመንን። እንዲያውም አባቴ ከመኪናው ወርዶ ወደኛ ሲመጣ እያነሰ እንደሆነ ለማየት ማዕዘኑ ላይ ቆመን እንለካው ነበር። እየቀረበ ሲሄድ ይተልቃል እንጂ አያንስም። ይኸን ለእናቴ ብንነግራት «እኔ እናቱ ነኝ እንዴ?» ብላ ሥራዋን ቀጠለች።

ኮሎምበስ የገባሁ ዓመት ብሮድ ስትሪት በበረዶ ነጭ ሆኖ ቢያድር፣ አውቶቡስ እየጠበቅኩ መጀመሪያ የመጣልኝ ጨው ነበር። ወዲያው አንድ ትልቅ መኪና መጣና መንገዱ ላይ የእውነት ጨው እየበተነ አለፈ። ብቻዬን ሳቅኩ፤ አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ትንሽ ራቅ አለች። ዛሬ መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው፣ ዕቃ ከመኪና ወደ መኪና እናዛውራለን፤ ሹፌሮቹ ሲገቡ ዓይናቸው የአባቴን ይመስላል፣ መቅላቱ ያው ነው። ለእናቴ በየዓመቱ እመጣለሁ እላታለሁ። የቤት ክፍያ አለ፣ ልጅ ይወለዳል፣ ፈቃድ ይከለከላል፣ እሷም ትሰማለች፣ ሰምታ «ኢንሻአላህ» ትላለች። በመጨረሻ ልጆቹን ይዤ የምሄድበት ትኬት ተቆረጠ፤ በጸደይ ልንሄድ። ዓለም ሊዘጋጋ ጥቂት ሲቀረው ሂልቶፕ የሚኖሩት የአገራችን ሰው ጋሼ ሙሄ ደሴ ከርመው ተመለሱ። ከበርበሬው ጋር በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ሰጡኝ። «እናትህን ምን ላኩ ብላቸው፣ መንገዱን እንዳይረሳው ነው አሉኝ» አሉ ጋሼ ሙሄ፣ እሳቸውም ነገሩ ሳይገባቸው። ፎጣውን ሳልፈታ ነው ከጠረኑ መጽሐፉን ያወቅኩት። ከዚያ ኮሮና መጣ፣ አውሮፕላኑ ቆመ፣ ትኬቱም ወረቀት ሆኖ ቀረ።

ያን ጸደይ ሥራ ቦታ ሰዓት ቀነሱብን። ባለቤቴ ሰዓዳ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ስለምትሠራ ማስኳን አጥብቃ ጠዋት ትወጣለች፤ እኔ ከሁለት ልጆችና ከሁለት ላፕቶፕ ጋር እቀራለሁ። አንድ ቀን ትምህርቱ ሲሰለቻቸው ከሶፋው ላይ አስቀመጥኳቸውና መጽሐፉን አወጣሁ። እጄን ታጥቤያለሁ። ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ከቀኝ ገለጥኩትና «ሰው አገር ተቀምጧል» ብዬ ጀመርኩ።

«አባዬ፣ ያ እኮ ኋላው ነው» አለች ሀያት።

«ኋላው አይደለም፤ የሚጀምረው ከዚህ ነው።»

«ኖ፣ ዌይት።» ያኔ ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ የሰው ስህተት አግኝታ መተው ግን አታውቅም፤ ከማን እንደወረሰችው እንጃ። የእናቷን አሮጌ ስልክ አመጣችና ካሜራውን ፊደሉ ላይ ደገነችው። ስልኩ ፊደሉን እየለቀመ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፤ እናቴና መምህሩና የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ያቃታቸውን ሻይ ሳይፈላ ጨረሰው። ሀያት ከግራ ጀምራ ጮክ ብላ አነበበች። ግልገሉ እናቱን ቻው ይላል። እናቱ በሩ ላይ ቆማ እጇን ታውለበልብለታለች። ድልድዩን ይሻገራል፣ በጀልባ ይሄዳል፣ በበረዶ ውስጥ ያልፋል፣ መንገድ ላይ ያድጋል፣ ቀንድ ያወጣል። መጨረሻ ላይ ከድመትና ከሽመላ ጋር ገበታ ላይ ተቀምጦ ሻርፑን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ «አሁን ቤቴ እዚህ ነው» ይላል። አለቀ።

ያን ሁሉ ዘመን ስትቀበል ያየናት እጅ ለካ የምትሸኝ እጅ ኖራለች። ሀያት ግን ደስ ብሏት ነበር፤ ስጦታ የሰጠችኝ ነው የመሰላት። «አባዬ፣ ይኸ እኮ አንተ ነህ። መጣህ፣ ትልቅ ሆንክ፣ ቤት ገዛህ። ኢትስ ዩር ስቶሪ» አለችኝ። ትክክል ናት። ትክክል መሆኗ ነው ያሳመመኝ። ሙአዝ ፊቴን አይቶ «ትልቁ ፍየል ግን ሁለተኛ ወደ እናቱ አይሄድም?» ብሎ ጠየቀ። ለእናቴ በስልክ ይኸን አልነገርኳትም። ደረሰ ወይ ስትለኝ ደርሷል አልኳት፤ አነበብክላቸው ወይ ስትለኝ አነበብኩላቸው አልኳት።

ሙቀቱ ሲመጣ እዚሁ አጠገባችን ጋሃና ወደምትኖረው እህቴ ከድጃ ሄድን። ኤርፖርት ነው የምትሠራው፣ ያኔ ቤቷ ሰው አታስገባም፤ ደጇ፣ መኪና የምታቆምበት ድራይቭዌይ ላይ ወንበር አራርቀን፣ ማስካችንን አገጫችን ላይ አውርደን ተቀመጥን። መጽሐፉን ለከድጃ ሰጠኋት። ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች፣ ከቀኝ ገለጠችው፣ «ምግቡ ጥሩ ነው፣ ሰዎቹም ደጎች ናቸው» ብላ ሄደችበት። ሀያት በክርኗ ጎሸመችኝ፤ «ሺ ኢዝ ዱዊንግ ኢት ቱ» አለችኝ፤ እሷም እንዳንተው ታነባለች ማለቷ ነው። ስልኩ ከግራ ያነበበውን ለከድጃ ነገርኳት። ከድጃ ሰምታ ሰምታ፣ «ታዲያ ምን ይጠበስ?» አለችኝ፣ «የጻፈው ሰው እማዬን ያውቃታል እንዴ?» ሀያት ግን መንገዱን ሙሉ መኪና ውስጥ ስትከራከር መጣች፤ መጽሐፍ የጻፈው ሰው ያለው ነው፣ አንባቢ እንደፈለገ መገልበጥ አይችልም፣ አስተማሪዋም ይኸንኑ ነው የምትለው። ከዚያ ቀን በኋላ በቤታችን መጽሐፉ በሀያት በኩል ሆነ፤ ለሙአዝ ስታነብለት ከግራ ነው። ተሸነፍኩ፤ መደርደሪያው ላይ ትቼው ሥራዬን ሠራሁ።

በሚቀጥለው ዓመት ቅጠሉ ሲረግፍ ከአገር ቤት ክፉ የጦርነት ወሬ መጣ። ወሬው ወደ ደሴ እየቀረበ፣ እየቀረበ ሄደና አንድ ቀን የእናቴ ስልክ አልጠራም። የጎረቤቶቿም አልጠራም። ከተማው በሙሉ አልጠራም። ጋሼ ሙሄ ለሁላችንም ይደውላሉ፣ እኛም ለሳቸው፤ ማንም ምንም አያውቅም፣ ግን እንደዋወላለን። ሰዉ ወጥቷል የሚል አለ፣ አረጋውያኑ ቀርተዋል የሚል አለ። ከድጃ ባልታሰበ ሰዓት እየደወለች «እስቲ አንዴ ትራይ አድርግ» ትለኛለች፤ ትራይ ማድረግ ካቆምኩ አይደል። መጋዘን ውስጥ ዕቃ ይዤ የት እንደማኖረው ረስቼ እቆማለሁ። እመጣለሁ ያልኳት ዓመታት ሁሉ አንድ ላይ ተሰብስበው ፊቴ ይቆማሉ።

ከነዚያ ቀኖች በአንዱ፣ ከእራት በፊት፣ ኩሽና ውስጥ ሆኜ የሀያትን ድምፅ ከሳሎን ሰማሁ። አማርኛ ነው። የተሰባበረ፣ ወንድና ሴቱ የተቀላቀለ አማርኛ። «ሰው አገር ተቀምጣል… ምግብ ጥሩ ነው… ሰዎቹ ደግ ናቸው።» ብቅ ብዬ አየሁ። ሙአዝን አጠገቧ አስቀምጣ፣ የሰዓዳን ሻሽ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ መጽሐፉን ከቀኝ ገልጣዋለች። ከድጃ ያለችውን አንዱንም አልረሳችም። እንዳየኋት ስታውቅ ትንሽ አፈረች።

«ከግራ ነው ስትዪ አልነበር?» አልኳት።

መጽሐፉን እያየች ነው የመለሰችልኝ። «በኔ በኩል ካነበብነው ትተናት እየሄድን ነው፣ አባዬ። ናት ራይት ናው።» አሁን አይሆንም ማለቷ ነው። ኩሽና ተመልሼ ውሃውን ከፈትኩ፤ ድምፁ እንዲሸፍንልኝ።

ቅዝቃዜው ከገባ በኋላ በአንድ እሑድ፣ እኛ ዘንድ ቀትር ሳይሆን፣ የማላውቀው የአገር ቤት ቁጥር በቪዲዮ ጠራ። ስከፍተው መጀመሪያ ጣሪያ ታየኝ፣ ከዚያ የሰው ጣት፣ ከዚያ እናቴ። ከስታለች። አጠገቧ ያለችው የጎረቤት ሴት ናት ስልኩን የያዘችላት። «አሰላሙ አለይኩም» አለች፣ ትናንት እንደተገናኘን ሁሉ። «አለሁ። ቤቴ ነኝ፤ የትም አልሄድኩም። በሬን ዘግቼ ተቀምጬ ነበር፣ ዛሬ ከፈትኩት።» እኔ ስልኩን ለሰዓዳ አቀበልኳት። ሰዓዳ ናት አልሀምዱሊላህ እያለች ያነጋገረቻት። እናቴ ሁሉን መልሳ፣ ጎረቤቱን በየስሙ አንሥታ፣ ሲያበቃ «መጽሐፉስ?» አለች።

ስልኩን ሶፋው ላይ ትራስ አስደግፈን አቆምነው። ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ሀያት ሻሹን ዘረጋች፣ መጽሐፉን ወደ ካሜራው አዙራ ከቀኝ ገለጠች። እናቴ ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል፤ ሥዕሉ አይታያት እንደሁ እንጃ፣ ሳትጠይቅ ግን ጀመረች። ገበታው፣ ድመቱ፣ ስሙን የማያስተካክሉት ሰዎች፣ ባቡሩ። ነጩ ገጽ ላይ ስትደርስ ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ለማየት ጠጋ አልኩ።

«ጨው ነው» አለች ሀያት በአማርኛ።

«ጨው ነው፣ የኔ ልጅ። የጨው አገር ነው» አለች እናቴ፤ ድምፅዋ ተመልሶ መንገዱን ያዘ። ማዕበሉ፣ ጀልባው፣ ድልድዩ። እኔ ከልጆቹ ጀርባ ነበርኩ፤ ቆሜ ጭንቅላቴ ከስክሪኑ ውጭ ስለሆነብኝ ተንበረከክሁ፣ አሁንም ስላልበቃኝ ጎንበስ ብዬ አገጬን በሁለቱ መሃል አስገባሁ። ከታች ጥግ ላይ በትንሿ መስኮት ራሴን አየሁት፤ ከሙአዝ ያጠረ አንድ ሽበታም ጭንቅላት።

ሀያት የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች። ቀዩ ጣሪያ፣ በሩ፣ የተነሣው እጅ። እናቴ «አየችው» አለች። ከዚያ በላይ አንዲት ቃል እንደማትጨምር ስለማውቅ ጠበቅኩ። እሷ ግን ወደ ስልኩ ጠጋ፣ ጠጋ ብላ አየች።

«ያ ከመሃላችሁ ያለው ትንሹ ማነው?»

«አባዬ ነው» አለ ሙአዝ።

እናቴ ደጋግማ አየችኝ። ፊቷ ቀስ እያለ በራ።

«እንዴት አንሷል» አለች ለልጆቹ። «እንግዲህ ሊደርስ ነው።»

እኔም ከተንበረከክሁበት አልተነሣሁም።